ባትሪው ያልደረሰበት ምንጭ

ወደ ጭሮ ከተማ የመጣሁት ከጎጃም ነው፤ በውኃ ቴክኒሻንነት ተመድቤ። በመጀመሪያው ቀን የቧንቧ ቁልፍና የክሎሪን ጣሳ ተረክቤ፣ አንድ ነባር ባልደረባ እየመራኝ ዳገቱን ተያያዝኩት። ገና ሳይጋመስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። «አይዞሽ፣ ይሄ እኮ ሜዳው ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ሥራችን በየቀበሌው የተገነቡትን ምንጮች እየዞሩ ማየት ነው፤ የተሰነጠቀ ግንብ መድፈን፣ ቧንቧ መቀየር፣ ክሎሪን መጨመር። ለዓመታት በእግሬ ዞርኩ።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መጣልን። እውነቱን ለመናገር እንደ ሕፃን ፈነጠዝኩ። ፔዳሉን ነካ ሳደርገው ሽቅብ ይዞኝ ይወጣል። ጫት የሚለቅሙ ሴቶች ሥራቸውን ትተው እልል ይሉልኝ ነበር። ስማቸውን ብቻ የማውቃቸውን ሸለቆዎች ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉም ከፍ ብሎ ያለው የላይኛው ቀበሌ ምንጭ ጋ መድረስ ግን ብስክሌቱ አልቻለም። ዳገቱ ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ እዚያ ደግሞ መብራት የለም። ባትሪው ካለቀ በኋላ ያንን ብረት መግፋት አበሳ ነው።

«ለላይኛው በእግሬ ልሂድ» አልኳቸው ኃላፊዬን።

«ዘመናዊ ነገር ተሰጥቶሽ በእግርሽ ስትኳትኚ ቢያዩሽ ምን እንባላለን? ባትሪው እስከሚያደርስሽ ሥሪ። ለላይኛው መፍትሔ ይፈለጋል።»

እሺ አልኩ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ መፍትሔው የውኃ ሽታ ሆነ።

አንድ የገበያ ቀን ከላይኛው ቀበሌ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች ጤና ጣቢያ እንደገቡ ሰማሁ። ማንንም ሳላስፈቅድ በማግስቱ በእግሬ ወጣሁ። የምንጩ ግንብ ተሰንጥቆ ጎርፍ ይገባበታል። በአንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚደፈን ስንጥቅ ነበር።

ምንጩን የሚጠብቁት ኦቦ ኡስማኤል ከሩቅ አይተውኝ እየሮጡ መጡ። ከታመሙት ልጆች አንዷ የልጅ ልጃቸው ናት። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሁለት እጄን ያዙ።

«አልሐምዱሊላህ! እግርሽ ዳነ?»

«እግሬ ምን ሆነ፣ ኦቦ?»

«ታች በብስክሌት ስትሄጂ ልጆቻችን አዩሽ። ‹መራመድ ብትችል መች ትቀርብን ነበር፣ እግሯን አሟታል› አልን። በየጁምዓው ዱአ አደረግንልሽ።»

ጎንበስ ብዬ ጭቃውን መጥረግ ጀመርኩ። ያኔ እሺ ብዬ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አዲስ ለምትመደቡ ባልደረቦቼ የምላችሁ፦ ብስክሌቱ ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት። እሱ የቆመበት ቦታ ግን የሥራው መጨረሻ አይደለም፤ ቀሪውን በእግራችሁ ሂዱ።