ምስክር የሚጠይቁት አጎቴ

ከዳባት እስከ ደባርቅ በክርክር የሚረታኝ ሰው አልተወለደም። ከአጎቴ በቀር ማለቴ ነው፤ እሳቸው ባለፈው ወር እስካረፉ ድረስ በየሳምንቱ ይረቱኝ ነበር።

አጎቴ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ማንም ሰው ሌላውን «ፋሽስት» ባለ ቁጥር እንደ ዳኛ ምስክር ይጠይቁት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠላ ቤት ተቀምጠን ራዲዮው የስፔኑን ገዥ ቢያነሳ፣ እኔ አገር እንዲሰማኝ «ይህም ፋሽስት ነው» ብዬ ጮህሁ።

«ምስክር አለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዓለም ያወቀው ነው። ሕዝቡን አስሯል፤ ገድሏል።»

«እንዲያ ከሆነ አሰረ በል፤ ገደለ በል። የእኔን ቤት ያቃጠለውን ሰው ስም ግን በወሬ አላውስህም። ከዚያው አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይምጣና እሱ ይበለው፤ ያን ጊዜ አምናለሁ።»

እኔ መች ዝም እላለሁ። «ፋሽስትን ባየው አልስተውም» አልኋቸው።

አጎቴ ዋንጫቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። «የት አይተኸው?»

ላቤ አንድ ወፍጮ የሚያዞር ያህል ወረደ። ጥቂት አቆዩኝና፣ «በሉ ለዚህ ተከራካሪ ጠላ ቅዱለት፤ ጉሮሮው ደርቋል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ይቀመጡበት የነበረው የጥግ መደብ አሁን ባዶ ነው። «ፋሽስት» የሚለው ስድብም ያለ ምስክር እንደ ልቡ ይመላለሳል።

ፋሽስትን የት እንዳየሁት እኔው ልናገር። እሳቸው ጫካ ሲያድሩ፣ እኔ ዳባት ለጣሊያን መኮንን ጫማ እወለውል ነበር። አጎቴ ይህን ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ባንዳ ብለውኝ አያውቁም።