የምርቃቱ ድንጋይ

ባሌ ሰዓት ሠሪ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ዘግቶ የቀሩትን ሰዓቶች በሙሉ ቤት አምጥቶ ሰቀለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከአልጋ ያስነሣው ይሄ ሳሎኑን ያጣበበው የባሕር ዓሣ ገንዳ ነው። ስለዚህ ብነጫነጭም አልጠላውም። ጨው የምበጠብጠው እኔ፣ ዓሣ ሻጩ ጋ የምመላለሰው እኔ። እሱማ ደጃፍ ከረገጠ ቆየ።

አንድ ቀን ሻጩ ኮራል የሚሉትን የባሕር ፍጡር ሸጦልኝ ትንሽ ድንጋይ መረቀልኝ። ምርቃት ማን ይጠላል? ተሸክሜ መጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ዛጎላቸው ተሰባብሮ ይገኙ ጀመር። ቀጥሎ ሰማያዊዋ ዓሣ ጠፋች፤ ከዚያ ባለመስመሩ። «ሙሽሪት» የሚላት ብርቱካናማዋ ብቻ ቀረች።

«እሷም ከሞተች ገንዳውን አውጥተሽ ጣይው፤ እኔም ልረፍ» አለኝ። ልረፍ ሲል ወደ ግድግዳው ልመለስ ማለቱ መሆኑን አውቃለሁ።

ባሌ «የሚፈጃቸው አውሬ ጨለማ ሳይወድ አይቀርም» ሲል ገንዳውን በቀን ብርድ ልብስ አለበስነው። በእጅ ባትሪ ሲያበራ፣ ጸጉራም ትል የሞተ ቀንድ አውጣ ላይ ተጠምጥሟል። «ያዝኩህ፣ ሌባ!» ብሎ በጣቱ አፈፍ ሲያደርገው ጸጉሩ ለካ እሾህ ነው! ከጣቱ ስለቅም ዋልኩ። ለሻጩ ፎቶውን ባሳየው ሳቀብኝ። «እማማ፣ ይሄ ምስኪን የሞተ ነው የሚበላው። ገዳዩን ፈልጉ።»

ከየት አባቴ ልፈልገው?

ባሌ እህል አልቀምስ አለ። የገንዳው መስታወት ሥር ይቁነጠነጣል፤ ይቀመጣል፣ ይነሣል። በዚያ ላይ ከሰዓቶቹ አንዱ ድንገት ቋ! ይላል፤ ደግሞ ዝም። «የትልቁ ሰዓት ጥርስ ተበልቷል» ብሎ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ፈታው። ምንም የለበትም። ሌላውን ፈታ። ቋ!

አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። ወንበር ላይ ወጥቼ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ አቆምኳቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አበድኩ!»

ቤቱ ጭጭ አለ።

ቋ!

ተያየን። ድምፁ ከገንዳው ነው፤ ከዚያ ከተመረቀልኝ ድንጋይ። ሰዓት የሌለበት ቤት ቢሆን ኖሮ ገና የመጀመሪያ ቀን በሰማነው!

ድንጋዩን ባልዲ ውስጥ አድርገን ቀዳዳው ላይ የቧንቧ ውሃ ስናፈስበት አውራ ጣት የሚያህል ባለብዙ እግር የሽሪምፕ ዘር ዱብ አለ። አረንጓዴ ነው፣ ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው። አንዱ ዓይኑ እኔን ያያል፣ አንዱ እሱን። የፊት እጁን ወርውሮ ባልዲውን ቋ! አደረገው።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!» ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ።

«ተይው!» ባሌ ባልዲው አጠገብ ተንበረከከ። «እጁን አየሽው? አይስትም እኮ። ትንሽ እንኳ አይንቀጠቀጥም።» ወደ እኔ ቀና አለ። «የባሕር ውሃ ቶሎ ጨምሪለት፣ እንዳይሞት። ለብቻው ገንዳ ያስፈልገዋል። ቀንድ አውጣም።»

«እኔ ለዚህ ወንበዴ ቀለብ ልመላለስ? እግሬን አላነሣም!»

«አንቺን ማን ሂጂ አለሽ?»

ጫማውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገው። ክሩን ማሰር ሲያቅተው ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። እንባዬን እንዳያይብኝ ቶሎ ቀና አላልኩም።

በሩ ላይ ዞር አለ። «ስንት ሰዓት ሆነ? የዓሣው ሱቅ እንዳይዘጋብኝ።»

ከዚያ ሁሉ ሰዓት አንድም የሚሠራ አልነበረም።

«ሂድ ዝም ብለህ» አልኩት፤ «ትደርሳለህ።»