የውሸቱ ለቅሶ

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሸኘሁት፤ አላለቀስኩም። መውጣቱንም መመለሱንም እግዚአብሔር እንደሚጠብቅ በቃሉ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የያዝኩት። እናት አባት የለን፣ ያለነው እኔና እሱ ብቻ። ታዲያ ያን ቃል ባልይዝ ምን ልይዝ ነበር?

ያኔ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር የምንጸልየው በየቤቱ ተደብቀን ነው። ጴንጤ መባል ብቻውን ያሳስራል። ስምንት ሰው አንድ ቤት ከገባ ቀበሌው ለምን ተሰበሰባችሁ ይላል። ሁለት ጊዜ ልደት አከበርን፤ ኬክ የለ፣ ሻማ የለ፣ የምን ልደት ነው አቦ! ሦስተኛው ያስጠረጥራል ተባለና አንዷ የጸሎት እህት ለቅሶ እናስመስል አለች። ተራው የእኔ ቤት ነበር። ክፍለ ሀገር ያለች አክስቴ ሞታለች ልንል ተስማማን። ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፍን፣ ነጠላችንን አዘቀዘቅን፣ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመርን።

የድሬዳዋን ሰው ረስተነዋል። ለቅሶ ቤት አይቶ የሚያልፍ ጎረቤት የት አለ? ገና ከመቀመጣችን ግድግዳ የምንጋራቸው ሙስሊም እናት ከቀፊራ ገበያ ሲመለሱ አዩን፤ ዘንቢላቸውን በር ላይ ጥለው ገቡ። "ልጄ፣ ማነው የሞተው?" ከኋላቸው የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ ቆሟል። አክስቴ ልል አፌን ከፈትኩ። እኚህ ሴት ግን በእጃቸው ነው ያደግኩት፤ አክስት እንደሌለኝ ያውቃሉ። ደነገጥኩ።

"ወንድሜ" አልኩ።

ኡኡ አሉ! ጩኸታቸው ሰፈሩን ጠራው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ጢም አለ። አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሱማልኛ ያለቅሳል፤ ንፍሮ ሁሉ ተጣደ። "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያሉ ያቅፉኛል። እኔ ግን የፈራሁት ቀበሌውን ብቻ አልነበረም። አሟረትኩበት! ይመለሳል የተባልኩትን ልጅ በገዛ አፌ ገደልኩት። እንዲህ ላለች ከሃዲ ቃሉን ይጠብቅላታል? "ጌታ ሆይ፣ እንዳልሰማህ ሁንልኝ" እያልኩ በሆዴ እለምናለሁ።

በዚህ መሀል የቀበሌው ሊቀመንበር ገባ። ኮፍያውን አውልቆ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለና "ማነው ያረዳሽ?" አለኝ።

አለቀልን! አልሞተም ብል ስምንታችንም መታሰራችን ነው። ሞቷል ብል ደግሞ የግንባር ወሬ ማን አመጣልሽ ሊል ነው። የጸሎት እህቶቼ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

"ሰው ነው የነገረኝ" አልኩ። "ሞቷል።"

ራሱን ነቀነቀ። "ደብዳቤው የደረሰን ትናንት ነው። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን ልናረዳሽ ነበር። ማን ቀደመን?"

ያቺ ለቅሶ እናስመስል ያለችው እህት ጮኸች። እኔ እንባ የሚባል አልመጣልኝም። እጁን ጨምድጄ ያዝኩት። "መቼ ነው የሞተው? መቼ?" እላለሁ። ሰው ሁሉ አበደች አለ። ትናንት ያለው ጆሮዬ አልገባም፤ እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀደመው የእኔ አፍ ነው ወይስ የእሱ ሞት?

"ሁለት ወር አልፎታል" አለ።

"ተመስገን!" አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት። አልገደልኩትም ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሰላም መልስልኝ እያልኩ የጸለይኩለት ልጅ አፈር ውስጥ እንደነበረ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።