በቀትር የሚዘጋ መስኮት

ሰብሪና ኡበይደላ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ፣ ተሸክማለች። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ የፊልምና ቪዲዮ ተማሪ ናት። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር በየቡድኑ መዝጋቢ ያደርጓታል፤ መዝጋቢ ደግሞ እጁ ባዶ ስለሚመስል ትራይፖዱም እሱ ላይ ይጫናል። ሥራውን አልጠላችውም። የትኛው ሾት ስንት ጊዜ እንደተቀረጸ፣ ተዋናዩ የሻይ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ ይዞ እንደነበር፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች በባለ ካሬ ደብተሯ ላይ አንድም ሳይቀር ይገኛል። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ "ቅረጽ!" ብላ አታውቅም። "ቅረጽ!" የሚለው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

የመጨረሻው መንፈቅ ሥራ የአስፈሪ ፊልም ማስተዋወቂያ ሆነ፤ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ትሬይለር። ፊልሙ ራሱ አይሠራም። ክፍሉ ያለው ደህና ካሜራ አንድ ብቻ ስለሆነ አምስት ተማሪዎች ዕቅድ ያቀርባሉ፣ ሁለቱ ይመረጣሉ፣ የቀሩት ሦስቱ ለተመረጡት ይሠራሉ። ሰብሪና ካልተመረጠች የሚጠብቃት ያው ትራይፖድ ነው። ሌላ ዙር ደግሞ የለም፤ ሰኔ ላይ ትመረቃለች።

የመጀመሪያ ዕቅዷን በስልኳ ካየቻቸው የውጭ ፊልሞች ለቃቅማ ነው የሠራችው። አሮጌ ቤት፣ በራሱ የሚከፈት በር፣ ነጭ ለብሳ በዛፎች መሃል የምትሮጥ ሴት። እንዴት እንደሚሆን ለማየት አብራት የተከራየችውን ልጅ ነጭ ቀሚስና ነጠላ አልብሳ በስልክ ቀረጸቻት። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ለገመቹ አሳየችው። ገመቹ የክፍሉ ቀልደኛ ነው፤ ራሱም ዕቅድ ከሚያቀርቡት አንዱ ነው።

"ሰቢ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምትሮጠው? ቅዳሴ ረፍዶባት ነው?"

"መንፈስ ናት።"

"መንፈስ? ነጠላዋን አጣፍታ? አክስቴ እኮ እሁድ እሁድ እንዲህ ሆና ነው የምትወጣው!" ስልኩን ነጥቆ ለኋለኞቹ አዞረ። "ኑ እዩ፣ የሰቢ መንፈስ ጸበል ልትጠጣ ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሰብሪና ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ደብተሯን ግን አወጣች። "ነጭ ልብስ አይሠራም። እዚህ የቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ ቤት ደግሞ የጁምዓ" ብላ ጻፈች። ከስር በማስመሪያ አሰመረችበት።

መምህሯ ጫልቱ የተማሪውን ሳቅ ሰምታ ገባች። ጫልቱ ወደዚህ ኮሌጅ ከመምጣቷ በፊት ሃያ ዓመት ሠርግ የቀረጸች ሴት ናት፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም። ዕቅዱን አገላብጣ አየችው።

"ይኼ ሁሉ የማታ ነው። ካሜራው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጋዘን እንደሚገባ አታውቂም?"

"ቲቸር፣ ሆረር እኮ ነው።"

"እና ሰው ቀን አይፈራም? ለመሆኑ ይኼ ያስፈራል ያለሽ ማን ነው?"

"ፊልም ላይ..."

"ፊልሙን የሠሩት የራሳቸውን ሰፈር ያውቃሉ። አንቺም የራስሽን ጠይቂ። አርብ ጠዋት ነይ።"

ሰብሪና ጠይቂ ከተባለች ጠየቀች ነው። በዚያው ቀን ቅጽ አዘጋጀች፣ አርባ ኮፒ አሳተመች፣ በማግስቱ ግማሹን በኮሌጁ ግቢ፣ ግማሹን በመናኸሪያው ዙሪያ በተነች። ጥያቄው አንድ ነበር፦ በሕይወትዎ በጣም የሚፈሩት ምንድን ነው?

አርባውም ተመለሰ። ማታ አልጋዋ ላይ ዘርግታ ደመረችው። ሠላሳ አንዱ "ፈጣሪን" ይላል። አንዳንዱ "ከአላህ በቀር ማንንም"፣ አንዳንዱ "ጌታን ብቻ"፣ አንዱማ ጥቅሱን ከነምዕራፉ ጽፎበታል። አራቱ "ምንም" ብለዋል፤ የገመቹም ከነሱ አንዱ ነበር። ሁለቱ "ፈተና"፣ አንዱ "ውሻ"፣ አንዱ "ሚስቴን"። የቀረው ቅጽ ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበረበት።

ረቡዕ ጠዋት ሠንጠረዡን ይዛ ጫልቱ ጋ ገባች። ጫልቱ እስክትጨርስ አነበበችና መነጽሯን አውልቃ በሳቅ እንባ አወጣች።

"ታዲያ በአደባባይ 'የምትፈራው ምንድን ነው' ስትዪው ምን እንዲልሽ ፈለግሽ? አማኝ ሰው ነው፤ ሌላ መልስ የለውም።"

"አሁን ምን ላድርግ? ነገ ሐሙስ ነው።"

"ስሚኝ። ሙሽራን ደስ ብሎሻል ወይ ብለሽ ብትጠይቂያት ምን ትልሻለች?"

"አዎ።"

"እኔ ጠይቄ አላውቅም። እጇን ነበር የማየው። መሐረቡን እየጠመዘዘች ከሆነ አልደላትም። ሰውን የሚፈራውን አትጠይቂው። ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ተመልከቺ።"

በዚያው ከሰዓት በሞጆ በኩል አድርጋ ቡልቡላ ወረደች። ሰብሪና ያደገችው እዚያ፣ በአባቷ ሚኒባስ የፊት ወንበር ላይ ነው። አባቷ ኡበይደላ ከዝዋይ አርሲ ነገሌ ይሠራል፤ ቡልቡላ መሃል ላይ ናት። አዳሚ ቱሉ ጋ የትኛው ጉድጓድ ክረምት ላይ እንደሚሰፋ በጎማው ድምፅ የሚለይ፣ የእንግሊዝ ኳስ ትንታኔ ካላዳመጠ የማይነዳ ሰው ነው። ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከቡልቡላ አብራው ተሳፈረች።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በጣም የምትፈራው ምንድን ነው?"

"ከአላህ በቀር ማንን እፈራለሁ?"

"ሠላሳ ሁለት" አለች በሆዷ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ትታ ማየት ጀመረች።

መኪናው ሙሉ ነው። ከኋላዋ የተቀመጡ እናትና አንድ ነጋዴ ስለ ሽንኩርት ይከራከራሉ። ሬዲዮው ስለ አንድ በረኛ ያወራል። ሙቀቱ ስለበረታ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በቀኝ በኩል ከአብያታ ሐይቅ አቅጣጫ፣ ውሃው ከሸሸው ነጭ ሜዳ ላይ የአቧራ አዙሪት ተነሣ። ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፣ እንደቆመ ሰው ቀጥ ብሏል። ወደ አስፋልቱ መጣ።

ማንም ምንም አላለም። ከኋላ አንድ መስኮት ተዘጋ፤ ቀጭ። ሌላው፤ ቀጭ። ነጋዴው የሽንኩርቱን ነገር መሃል ላይ ተወው። ሌላ ወጣት እናት የሕፃኗን ፊት በሻርፕ ሸፈነች። ኡበይደላ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን አጠፋ፤ በረኛው ኳሱን ይያዝ አይያዝ ሳይታወቅ። ከኋላ ያሉት እናት ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

"ፎዳ ጩፊ፣ ኢንተላ ኮ። መስኮቱን ዝጊ፣ ልጄ።"

ሰብሪና ወደ እጇ ዞር አለች። እጇ እጀታውን ማዞር ከጀመረ ቆይቷል። ማንም ሳያዛት፣ እሷም ሳታውቀው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደምታደርገው መስኮቱን ግማሽ ድረስ ዘግታው ነበር።

በሌላኛው እጇ ስልኳን አንሥታ ቀረጸች። አዙሪቱ ከመኪናው ፊት አስፋልቱን ተሻገረና በግራ በኩል ግራሮቹ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። በተዘጋው መኪና ውስጥ ላብ ይንቆረቆራል፤ የሚያስል እንኳ የለም። ከዚያ አንድ መስኮት ተከፈተ። ሬዲዮው ተመለሰ። ነጋዴው "እና የመቂው ሽንኩርት ነው የምልዎት" ብሎ ካቆመበት ቀጠለ። ስልኩ ላይ አርባ ስምንት ሴኮንድ ይላል።

አርሲ ነገሌ ተሳፋሪው ሲወርድ አባቷ የፊት መስታወቱን በጨርቅ ይወለውል ጀመር።

"አባ፣ ቅድም መስኮቱን ለምን ዘጋችሁ?"

"አቧራ ነዋ። ሶዳ አለበት፣ ዓይን ያቃጥላል።"

"መስኮቱስ እሺ። ሬዲዮውን ለምን አጠፋኸው?"

ኡበይደላ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ወለወለ።

"መንገደኛ ሲያልፍ ዝም ይባላል።"

"የምን መንገደኛ?"

"እናቴ እንዲህ ትል ነበር። በቃ።" ጨርቁን አራገፈው። "ደግሞ ይኼን ለሰው እንዳታወሪ። መስጊድ ውስጥ የሚስቅብኝ ሞልቷል። የሃምሳ ዓመት ሽማግሌ ለአቧራ ሬዲዮ ያጠፋል ሊሉኝ ነው?"

"አባ፣ ትሬይለሬ እሱ ነው።"

"አይሆንም።"

ሰብሪና አልተለማመጠችም። ልመና የማይሠራበት ሰው መሆኑን ታውቃለች። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ አራት ማዕዘን ሠርታ ውስጡ የሬዲዮ ቁልፍና የሚዘረጋ እጅ ሣለች። ሌላ አራት ማዕዘን፣ ሌላ እጅ፣ የመስኮት እጀታ። ስድስት ሥዕል ሠርታ ሰጠችው።

"ፊት የለም። የማንም ፊት አይታይም። እጅ ብቻ ነው።"

አባቷ ሥዕሉን ከሩቅ አድርጎ አየው። ከዚያ የራሱን እጅ አየ። አውራ ጣቱ ክሪክ የመታው ነው፤ ጥፍሩ ጥቁር ነው።

"በዚህ ጥፍር የቡልቡላ ሰው ሁሉ ያውቀኛል።"

"ከጣቶችህ በኩል እቀርጻለሁ። አውራ ጣትህ ከታች ይሆናል።"

"ካልተመረጥሽስ?"

"ትራይፖድ።"

"ያንን ሁለት ዓመት የተሸከምሽውን?"

"እሱን።"

"ይከብዳል?"

"ስድስት ኪሎ ነው።"

ኡበይደላ ደብተሩን መለሰላትና ወደ መሪው ወጣ። ሞተሩን ካስነሣ በኋላ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"እጄ ብቻ።"

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ሞልቷል። የገመቹ ዕቅድ ቀድሞ ቀረበ፤ ጅብ የሚሆን ሰው ነበረበት፣ ብዙ ደምም ነበረበት፣ ሁሉም ሳቀ። ቀጥላ ሰብሪና ቆመች። ደብተሯን ገለጠች፤ ማንበብ የለመደችው ነገር ነው።

"ቦታ፣ የሚንቀሳቀስ ሚኒባስ ውስጥ። ሰዓት፣ ቀትር። ሙዚቃ የለም። ሾት አንድ፦ ሬዲዮ ኳስ ያወራል። ሾት ሁለት፦ አንድ እጅ መስኮት ይዘጋል። ሾት ሦስት፦ ሌላ እጅ። ማንም አይናገርም። ሾት አራት፦ ሬዲዮው ይጠፋል።"

እያለች ሄደች። አምስት መስኮት ተዘጋ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ እየቀነሰ መጣ።

"የመጨረሻዎቹ ሾቶች። ስድስተኛው መስኮት ተጣብቋል። እጁ ይጎትተዋል። አይዘጋም። ሌላ እጅ ያግዘዋል። አይዘጋም። ነጩ አቧራ በክፍተቱ ይገባል። ጨለማ። በጨለማው ውስጥ መስኮቱ ቀስ ብሎ ሲከፈት እንሰማለን።"

ደብተሯን ዘጋች።

"ከውስጥ ነው ከውጭ የተከፈተው?" አለ ገመቹ።

ሰብሪና አፏን ስትከፍት ጫልቱ እጇን አነሣች። "አትንገሪው።" ከዚያ ወደ ሥራ ተመለሰች። "በዚያ ቀን አዙሪት ካልተነሣስ? ነፋስ በቀጠሮ አይመጣም።"

"የግድ አያስፈልገኝም፣ ቲቸር። አንዱን በስልኬ ቀርጬዋለሁ፤ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው የምጠቀመው። ሌላው እጆቹ ናቸው። ሰው ሲዘጋ ያየ ምን እንደመጣ ራሱ ይጨምርበታል።"

በዚህ መሃል የአዳማ ነፋስ እንደልማዱ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት በተነው። ከመስኮቱ አጠገብ የነበረው ገመቹ ብድግ ብሎ ዘጋው። ቀጭ አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

"ገመቹ ፈራ!"

"ወረቀት እየበረረ ነው እኮ!"

"ቅጹ ላይ 'ምንም' ነበር ያልከው" አለች ሰብሪና።

ጫልቱ እየሳቀች ዕቅዱ ላይ ፈረመች፤ ሳታርም ግን አልሰጠቻትም። አሥራ ስምንት ሾት ለአንድ ቀን ይበዛል ብላ አራቱን ሰረዘች፣ የድምፅ መቅጃው ባትሪ ደካማ ስለሆነ መጠባበቂያ እንድትይዝ ከጎኑ ጻፈች፣ ካሜራው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካልተመለሰ እሷን እንደማታውቃት ነገረቻት። የገመቹ ጅብ አልተመረጠም። ሰብሪና ቡድኗን ስትመዘግብ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"እኔስ ምንድን ነው የምሠራው?"

"ትራይፖድ" አለች ቀና ሳትል። "መኪና ውስጥ ስለሆንን ብዙ አትሸከምም። ስድስተኛው መስኮት ላይም እጅህን እፈልገዋለሁ።"

ወደ ግቢው ወጥታ ለአባቷ ደወለች። መኪና ሲነዳ ስልክ አያነሣም፤ ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሣ።

"ተመርጫለሁ፣ አባ። ነገ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?"

"ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ቀትሩን እፈልገዋለሁ።"

"እንግዲህ ጠዋት መስኮቶቹን ወልውዬ እጠብቃችኋለሁ።"

"እንዳትወለውል፣ አባ" አለች ደብተሯን እየገለጠች። "አቧራው ይኑር።"