የግቢው አየር

አቃቂ የተከራየኋት የቆርቆሮ ክፍል ስለምትግል እየተገፋ የሚዞር፣ ኤሲ የሚሉትን አየር ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ወለሉን በውሃ አጥለቀለቀው። «አንተ ወይ እኔ!» ብዬ ተነሳሁበት። የሚያፈስበትን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍኩት፤ ባሰበት። በመጨረሻ ቀዳዳው ላይ ቱቦ ሰክቼ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ከተትኩትና አሸነፍኩ።

ሙሉውን ባልዲ ልደፋ ስወጣ አከራዬ እትዬ ብርቄ ደጃፌ ላይ ያዙኝ። የውሃው ፈረቃ ዘሎን የግቢው ጀሪካን ሁሉ ባዶ ነበር።

«ድብቅ ቧንቧ አለህ ለካ!»

«ኧረ እትዬ፣ ማሽኑ ነው! ከአየሩ ላይ እርጥበት እየሳበ ያጠራቅማል።»

አላመኑኝም። አስገብቼ ጠብ ጠብ ሲል አሳየኋቸው። ወዲያው ባልዲዬን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው አመሩ።

«እትዬ፣ ውሃዬን?»

«ባልዲውን እመልስልሃለሁ፤ አየሩ ግን የግቢዬ ነው!»