ትልልቆቹ ካልሲዎች

በየዓመቱ ሣሩ ደርቆ ዘር በሚበስልበት ሰሞን፣ እኔ ከምጠብቀው ጥብቅ ደን በር ላይ አንዲት ሴትዮ ከች ይላሉ። ፈቃዳቸው ላይ «የነባር ተክሎች ዘር ሰብሳቢ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ፤ ግን ከአሥር ተክል የሁለቱን ብቻ ነው የሚለቅሙት።

«የቀረውስ?» ብላቸው፣ «የወፉና የመሬቱ ድርሻ ነዋ! እንግዳ ሆኜ መጥቼ ማዕዱን ሙልጭ ላድርገው እንዴ?» አሉኝ።

ሲወጡ አግዳሚዬ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ። ካልሲያቸው የወንድ ነው፤ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ፣ ተረከዙ ሁለት ሦስት ጊዜ የተሰፋ ወፍራም ሱፍ። እሱ ላይ የተጣበቀውን ዘር በወረንጦ እየነቀሉ፣ ቦታና ቀን በጻፉበት የወረቀት ፖስታ ይከታሉ፤ ለብቻቸውም ይስቃሉ።

ዘንድሮ አላስቻለኝም። «እማማ፣ በልክዎ ካልሲ ጠፍቶ ነው?»

«የባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ና አብረን እንውጣ› ስለው፣ ‹እግሬን ያመኛል› እያለ ተጋድሞ ነው የኖረው።» አንዱን ካልሲ አውልቀው ወደ ፀሐዩ ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ከላይ እስከ ታች ዘር ለብሷል።

«አሁን ግን እየው! ከእኔ በልጦ ይለቅማል።»