ቁንዝላ ላይ እግር ያጠበው ጃፓናዊ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ዓመቱን በትክክል አልይዘውም። እስካሁን የማልረሳው ግን አንድ ቤት ሙሉ ሰው ከመታሰር ለጥቂት የተረፈበት ማታ ስለሆነ ነው።

ያኔ ከባሕር ዳር ጨውና ሳሙና በጀልባ ወደ ቁንዝላ እወስድ ነበር። አንድ ቀን ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ አብሮኝ ተሳፈረ። ባሕር ዳር የጀልባ ሞተር ሲጠግን ስለከረመ አማርኛ ይሞክራል። እናቱ ተራራ ላይ ባለች ከተማ የእንግዳ ማደሪያ እንዳላት ነገረኝ። "በረዶ አለ። ሰው በእግሩ ይመጣል፤ ይደክመዋል" አለኝ።

ቁንዝላ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ወደ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ወሰድሁት። ከፊት ጠላ ይሸጣሉ፤ ከጓሮ አልጋ ያከራያሉ።

ኬንጂ ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። የጫማዎቹን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙሮ ደረደራቸውና እጅ ነሥቶ ገባ።

"ልጄ፣ ጠላ ቤት እኮ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው" አሉት እትዬ ጥሩነሽ።

ጠጪው ሳቀ። ፈረንጁ ባዶ እግሩን ተቀምጦ እኛ ጭቃችንን ይዘን መቀመጣችን ግን አሳፈረን፤ አንድ በአንድ አወለቅን። እትዬ ጥሩነሽም የመንገደኛ እግር ሊያጥቡ ለብ ያለ ውሃ ይዘው መጡ።

ይህን ጊዜ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ብቅ አለ። ፈረንጁን ሊያስወጣ ነበር የመጣው፤ እኛን ሲያይ ባሰበት።

"ጫማ አውልቃችሁ ምን ትማማላላችሁ? የምን ስብሰባ ነው?"

"ኧረ እንግዳ ነው፣ ጓድ" አልሁ።

"እንግዳማ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይፈቅድ አያድርም። ሊቀ መንበሩ ዱርቤቴ ሄዷል። ስለዚህ ይውጣ! ቤቱም ይታሸጋል! እናንተም ትታሰራላችሁ!"

የእትዬ ጥሩነሽ ፊት ዐመድ መሰለ። ከዚያ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እንግዳውን ያመጣሁባቸው ደግሞ እኔ።

ኬንጂ የጥበቃውን እግር ያያል። በረባሶው ተበጥሶ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል። ተነሣና ውሃውን ከእትዬ ጥሩነሽ እጅ ተቀብሎ ተንበረከከ።

"ግባ። ደክሞሃል" አለው።

ጥበቃው ግራ ገብቶት አጠገቡ ያለው ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ጠመንጃውን የት ያድርገው? እኔ ያዝሁለት። ኬንጂ በረባሶውን አውልቆለት ጣት በጣት እያሸ አጠበው፤ እናቱ በበረዶ የመጣውን መንገደኛ እንዲህ ትቀበል ኖሯል።

እትዬ ጥሩነሽ ነፍስ ዘሩ። "በል እንግዲህ" አሉት፣ "እግርህን ያጠበህ እሱ፣ የታጠብኸው አንተ። ታዲያ እንግዳው ማነው? የተቀበለህን ሰው ከቤቱ ልታስወጣ ነው?"

ጠጪው በሙሉ አንገቱን ደፍቶ መልሱን ይጠብቃል። ጥበቃው እርጥብ እግሩን አየ፤ ጠመንጃውን የያዝሁትን እኔን አየ።

"ነገ በጠዋት ያስመዝግቡት" አለና የተቀዳለትን ጠላ አነሣ።

ኬንጂ ይህን ያደረገው በብልጠት ይሁን በየዋህነት እስካሁን አልለየሁም። አስቦበት ከሆነ፣ በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ብልጥ አላጋጠመኝም። ሳያስብበት ከሆነም ያሳደገችው እናት ትባረክ። በሁለቱም ሒሳብ ደስ ይለኛል።